በቅዱስ ሮኬ ቀን የወረደው ሞተር

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከዱማጌቴ ወደ ደቡብ በሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ማላባጎ በምትባል ከተማ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ስጠግን ኖሬያለሁ። ዶሮይ ይሉኛል። ሱቅ ከተባለ ያለኝ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ኮምፕረሰርና ሁለት ወንበር ነው። ፊት ለፊቴ የክሪሳንቶ ጋራዥ ነው። የቆምኩበት መሬትም የእሱ ስለሆነ ኪራይ የምከፍለው ለእሱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ «አንተስ የት ነበርክ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ታኪያ ዓሣ ነጋዴ ናት። ባሏ ሲሞት ልጇን ሊዮኒላንና ታናሽ እህቷን አቢንግን ይዛ ቀረች። እህትማማቾቹ ጎህ ሲቀድ ወደብ ወርደው ጀልባዎቹን ይጠብቃሉ፤ ዓሣውን ገዝተው፣ በበረዶ ሸፍነው፣ ወደ ተራራው መንደሮች ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ በባለ ሦስት እግር ሞተር ነበር የሚያመላልሱት። የተራራው መንገድ ሲሚንቶ ሲለብስ ግን ታኪያ መኪና አማራት።

ሊዮኒላን ክርስትና ያነሳት ክሪሳንቶ ነው። አበልጆች ስለሆኑ እሷ «ፓሬ» ትለዋለች፣ እሱ «ማሬ» ይላታል። እኛ ዘንድ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል፤ ወንድም ዕጣህ ነው፣ አበልጅ ግን መርጠህ ነው። ስለዚህ ክሪሳንቶ ከሴቡ ጨረታ ሁለት መኪና ይዞ ሲመጣ ታኪያ ሌላ ሰው አላማከረችም። መኪኖቹ ትንንሽ ጂፕ መሰል፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የወጡ፣ ሁለቱም ብርማ ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን በሁለት መቶ ስድሳ አምስት ሺህ ፔሶ ሸጠላት።

እውነቱን ለመናገር ያኔ አላታለላትም። የሸጠላት መኪና ደህና ነበረች፤ ሞተሯ እንደ ድመት ነበር የምታንኮራፋው። ታኪያ የኋላውን መቀመጫ አስወልቃ፣ ወለሉን ፕላስቲክ አልብሳ፣ ስድስት የዓሣ ገንዳ ደረደረችበት። አቢንግ ከጎኗ ትቀመጣለች። ገበያው ሰፋ። በዓመቱ ቤታቸው ላይ አንድ ክፍል ጨመሩ።

ችግር የጀመረው በክሪሳንቶ መኪና ነው። ስድስት ወር ሳይሞላት ነጭ ጭስ ትተፋ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ታመመ ሰው ትስላለች፤ ዘይት ትበላለች። በየዓመቱ በነሐሴ የከተማችን ጠባቂ ቅዱስ ሮኬ ሲከበር ሐውልቱ ከነውሻው በመኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ከተማውን ይዞራል። የሚያዞረው ደግሞ ክሪሳንቶ ነው፤ ክብሩ ከአባቱ የወረሰው ነው። በዚያ ዓመት ግን መኪናዋ አቀበቱ ላይ ፈልታ ቆመች፤ ሐውልቱን ከነመኪናዋ ሰው ገፍቶ ነው ቤተ ክርስቲያን ያደረሰው። አንድ ሰካራም «ቅዱስ ሮኬ ውሻውን አውርዶ ያስገፋው» አለ፤ ሕዝቡም ሳቀ። በዚያ ቀን ክሪሳንቶ ፊት ላይ ያየሁትን ነገር እኔ አልረሳሁትም።

በዚያው ዓመት በገና ሰሞን ታላቁ አውሎ ነፋስ መጣ። መብራት አሥራ አንድ ቀን ጠፋ፤ የተራራው መንገድ በወደቀ ዛፍ ተዘጋ። ክሪሳንቶ ታኪያን መንገዱ እስኪከፈት መኪናዋን ጋራዥ እንድትተዋት፣ እሱም በነፃ ሰርቪስ እንደሚያደርግላት ነገራት። እሷም አመስግና ቁልፉን ሰጠችው። ሠራተኞቹን ወደየቤታቸው ሰደደ፤ በሩን ዘጋ።

በሩ የቆርቆሮ ነው፣ ነፋሱ አጣሞታል። እኔ ከወንበሬ ሆኜ በክፍተቱ ውስጡ ይታየኛል። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሁለቱም ብርማ መኪኖች ኮፈናቸው ተከፍቶ፣ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ አየኋቸው። ሁለት ሞተር በሁለት ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። በማግስቱ ከቀኝ የወረደው ወደ ግራ ገባ፣ ከግራ የወረደው ወደ ቀኝ። የፊት ጎማዎቹን የሚሸከሙትን እግሮችም ቀያየራቸው። የሚሠራው ብቻውን ነበር፤ በጨርቅ እየወለወለ፣ እያፏጨ።

ማታ ላይ ወደ እኔ መጣና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ስለ አውሎ ነፋሱ አወራን። ሲነሳ የመሬቱን ኪራይ እስከ ፋሲካ እንድተወው ነገረኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ በኋላ የታኪያ መኪና ጤና አጣች። መጀመሪያ ራዲያተሩ ነው ተባለ፤ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ከፈለች። ወር ሳይሞላ ፈላች፤ የውሃ ፖምፓው ነው ተባለ፤ ስድስት ሺህ ተኩል። ከዚያ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጠለ፣ ክዳኑ ቴስታታውም ወርዶ ታየ፤ ሃያ ስምንት ሺህ። እሷ ዘንድ ያለው ሞተር የክሪሳንቶ በሽተኛ ሞተር ነው፤ ቴስታታው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረው። ክሪሳንቶ ይህን እያወቀ ነበር ጓርኒሲዮን የሚቀይረው። ማዳን ቢፈልግ በአንድ ቀን ይድን ነበር፤ ግን ላም እያለበ ማን ያርዳል።

በየጊዜው ጥፋቱ የእሷ ነበር። የዓሣሽ ጨው ውሃ ነው የበላት፣ ይላታል። ጭነት ታበዢባታለሽ፤ አቀበት ላይ ማርሽ መቀየር አታውቂም። ሠራተኞቹ ፊት «ማሬ፣ አንቺ መኪና ሳይሆን ጎሽ ነው የሚያስፈልግሽ» ይላት ነበር። እሷ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች፤ ጥፋቷን አምና የባሏን መታሰቢያ የወርቅ ሐብል ሸጣ ትከፍላለች። ዓመታዊውን ፈቃድ እንኳ እሱ ነበር የሚያሳድስላት። ወረቀትሽን ስጪኝ፣ አንቺ አትንገላቺ፣ ይላታል። የእሱ መኪና ግን በሚቀጥለው ነሐሴ ቅዱስ ሮኬን ጣሪያዋ ላይ አስራ ያለ አንዳች ሳል ከተማውን ዞረች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሰኔ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ታኪያና አቢንግ ዓሣ ሸጠው ከተራራው ሲወርዱ ኩርባው ላይ የቀኙ የፊት ጎማ ከነእግሩ ተገነጠለ። መኪናዋ ዞራ በአቢንግ በኩል የድንጋይ ግንቡን መታች። ታኪያ ጭረት ብቻ ነበር ያገኛት። የአቢንግ ቀኝ እጅ ግን ከክርኑ በታች ሦስት ቦታ ተሰበረ። ዱማጌቴ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ጣቶቿ ግን አልታጠፍ አሉ። አቢንግ ማለት በገበያው ውስጥ ዓሣ በመክፈል አቻ ያልነበራት ሴት ናት። ቢላዋ ሲያርፍ ሳይታይህ ዓሣው ሁለት ሆኖ ታገኘው ነበር።

ክሪሳንቶ ሆስፒታል ድረስ ማንጎ ይዞ ሄደ። ሚስቱ ሉርዲታ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሾርባ ትልክ ነበር፤ እሷ ምንም አታውቅም። ስብርባሪዋን መኪና በአሥራ አምስት ሺህ እንደሚገዛት፣ ለሌላ ሰው ከቆርቆሮ እንደማትበልጥ ለታኪያ ነገራት። ታኪያ አስብበታለሁ አለችው። ከዚያም ሳትነግረው መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭና ባይስ ከተማ ወዳለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰደቻት።

ሽማግሌው መኪናዋን ሲያይ ዋለ። ማታ ሊብሬውን አምጪ አላት። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ካነበበ በኋላ ብሎኩን በብሩሽ ፈትጎ እዚያ የተመታውን ቁጥር አሳያት። አይገጥምም። ሌባ ሰርቆ ሸጦልሽ ነው ወይስ አንድ ሰው ለውጦብሽ? ብሎ ጠየቃት። ታኪያ ሊብሬውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ጋ መጣች። ጎማ አልያዘችም። ወንበሩን ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ እኔ አዙራ ተቀመጠች።

«ዶሮይ፣ ፊትህ ወደዚያ በር ነው የሚውለው። ምን አይተሃል?»

ጎማ እንጂ ሌላ እንደማላይ ነገርኳት።

«የአቢንግን እጅ ሄደህ አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። አሳፍሮኝ ነው ያልሄድኩት። ይህንንም አልነገርኳትም።  ደንበኛ መጣ፣ ጎማውን ነፋሁለት፣ ሄደ። እሷ አልተነሳችም። ሌላ መጣ። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁለቱን ሰንሰለት፣ የቀኙንና የግራውን፣ ኪራዩን ጭምር። ስጨርስ አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ «በቅዱስ ሮኬ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትገኛለህ» አለችኝ። ልመና አልነበረም።

እስከዚያ ስድስት ሳምንት ነበር። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ታኪያ ያደረገችውን ትዕግሥት እኔ በሰው ላይ አላየሁም። ከክሪሳንቶ ጋር ትስቃለች። ሾርባውን ትቀበላለች። የሊዮኒላ ሠርግ በጥር እንደሚሆን፣ የክርስትና አባቷም እሱ እንደሚድራት እየነገረችው ሐሳብ ትጠይቀዋለች። አንድ ቀን በፊቴ «ፓሬ፣ በዘንድሮው በዓል ቅዱሱን በደንብ እጠበው፤ የመኪናህንም ኮፈን ወልውለህ አብራው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው» አለችው። እሱም ደስ ብሎት ቀለም አስቀባው። እኔ ጎማ ውስጥ ፊቴን ደበቅሁ።

የበዓሉ ቀን ፀሐይዋ እንደ መጥበሻ ነበረች። ሰልፉ ከተማውን ዞሮ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። የማዕረግ ሸሚዙን፣ ያንን ነጭና ስስ ጥልፍ ልብስ የለበሰው ክሪሳንቶ ከመኪናው ወርዶ ሐውልቱን በራሱ እጅ አወረደ። ቄሱ አባ ኤሚልዮ ከዚያ በኋላ እንደ ልማዱ መኪኖቹን ጠበል ሊረጩ ወጡ። ልክ ያን ጊዜ ከገበያው በኩል ጭነት መኪና መጣና የታኪያን ስብርባሪ መኪና ከክሪሳንቶ መኪና ጎን አወረደ። ሁለቱ ብርማዎች ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዷ ታበራለች፣ አንዷ እግር የላትም።

ታኪያ ከአቢንግ ጋር ከሕዝቡ መካከል ወጣች። የአቢንግ እጅ በነጠላ ጨርቅ ከአንገቷ ታስሯል። ታኪያ አባ ኤሚልዮን ጎንበስ ብላ ሰላም ካለች በኋላ፣ ከመርጨታቸው በፊት የየትኛዋን መኪና ሞተር እንደሚባርኩ ይወቁ አለቻቸው። ሊብሬዋን አወጣችና የሞተር ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ዶሮይ፣ የፓሬን ኮፈን ክፈትና የተጻፈውን አንብብልኝ።»

ክሪሳንቶ አየኝ። ያ አስተያየት ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ መሬቱ፣ ቆርቆሮው፣ ኮምፕረሰሩ የቆመበት ሲሚንቶ ሁሉ በዚያ ዓይን ውስጥ ነበር። እግሬ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ገና ትኩስ ነው፤ ግንባሬ ላብ በላብ ሆነ። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩ። ታኪያ ወረቀቱን ለአባ ኤሚልዮ ሰጥታቸው ስለነበር እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው ተከተሉኝ። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ።

ክሪሳንቶ ሠራተኞቹ ተሳስተው ይሆናል አለ። ሠራተኞቹ እዚያው ቆመው ነበር፤ አንዱ በአውሎ ነፋሱ ሳምንት ቤታችን ሰደኸናል ሲል ሰው ሁሉ ሰማው። ከዚያ ክሪሳንቶ ወደ ታኪያ ጠጋ ብሎ፣ በዝግታ፣ ቤት ሄደን እንነጋገር፣ የሚገባሽን እሰጥሻለሁ አላት።

«ቤት የምንነጋገረው የለም» አለችው። «ሞተሬን አውርድልኝ። እዚሁ። በራስህ እጅ።»

እንደ እብድ አያት። በዓል ነው፣ ነጭ ለብሻለሁ፣ ሞተሩ ትኩስ ነው አለ። እሷም በሰው ሞተር መንዳት መኪና እንደ መስረቅ እንደሚቆጠር ጠበቃ እንደነገራት፣ ጠበቃውም ዛሬ በዓሉን ለማየት እንደመጣ ነገረችው። አንድ ቀጭን ሰው ከጃንጥላ ሥር እጁን አነሳ። ክሪሳንቶ አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ያንቀሳቀሰችው ሚስቱ ናት። ሉርዲታ መጥታ የአቢንግን የማይታጠፉ ጣቶች ይዛ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ዞር ሳትል «አውርድላት፤ እኔ በዚህ መኪና ቤቴ አልሄድም» አለችው።

ከጋራዡ ማንሻ ሰንሰለቱንና የሚሰቀልበትን የብረት ቋሚ አመጡለት። ሠራተኞቹ ሰንሰለቱን ከመያዝ በቀር አልረዱትም፤ ታኪያ ዓይኗን አልነቀለችባቸውም። በትኩስ ሞተር ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ቡሎን ቆዳህን ቀስ አድርጎ ይወስደዋል። የራዲያተሩ ውሃ ፈንድቶ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ነጩ ጥልፍ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ። የጣቶቹ መጋጠሚያ ተላጠ። ሰው አልሄደም። የተጠበሰ አሳማ በሳህን ይዞ፣ ጥላ እየቀያየረ፣ ያያል። ማንም አልጮኸም፤ ያኔ በውሻው የቀለደው ሰካራም እንኳ አልቀለደም። ታኪያ የፕላስቲክ ወንበር አስመጥታ ከፊቱ ተቀመጠች። ቡሎን በወደቀበት ቁጥር ታነሳና ትሰጠዋለች።

አንድ ጊዜ የቡሎን መፍቻው አመለጠውና ክንዱን ሰነጠቀው። ውሃ ጠየቀ። ታኪያ ለአቢንግ ምልክት ሰጠቻት፤ አቢንግ በግራ እጇ ብርጭቆ ይዛ፣ ግማሹን እያፈሰሰች፣ አመጣችለት። ከትኩሱ ብረት፣ ከሕዝቡ ዓይን፣ ከዚያ ሁሉ ውርደት ይልቅ ያ ብርጭቆ ይመስለኛል የሰበረው። ጠጥቶ ብርጭቆውን ቀና ብሎ ሳያያት መለሰላት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ተነስቶ በሰንሰለቱ ተንጠለጠለ። ክሪሳንቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማሬ፣ አለቀ?» አላት።

ታኪያ ሞተሩን ዞራ አየችው፤ በጣቷ ነካችው። «የሞተሩ አልቋል። የአቢንግ እጅ ገና ነው።»

ዋዛዋን አልነበረም። በሳምንቱ ክስ ገባ። ደንበኛ ሁሉ መኪናውን ይዞ የሞተር ቁጥሩን ሊያመሳክር ጋራዡ ደጅ ተሰለፈ፤ ከሦስት መኪና በቀር ሁሉም ደህና ነበሩ፤ ግን የተመለሰ ደንበኛ የለም። ክሪሳንቶ የፍርድ ቤቱን ካሣ ለመክፈል ጋራዡንና መሬቱን ሸጦ ሚንዳናው ደሴት ወዳለ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። ከመሄዱ በፊት በዝናብ ታኪያ ደጅ ቆሞ የክርስትና ልጁን ልሰናበት ብሎ እንደለመነ ሰምቻለሁ። ታኪያ በሩን አልከፈተችም። ሊዮኒላ በመስኮት አይታ ስታለቅስ ነበር ይላሉ። በጥር በክሪሳንቶ ፈንታ የዳራት የባይሱ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ሉርዲታ ከባሏ ጋር አልሄደችም፤ አሁንም አልፎ አልፎ ሾርባ ትልካለች፣ ታኪያም ትቀበላታለች።

አዲሱ የመሬት ባለቤት ኪራይ ጨመረብኝ እንጂ አላስወጣኝም። እኔ እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ ከታኪያ ጋር ሰላም የምንሆን መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ሞተሯን መልሶ ተክሎላት፣ እግሮቿን አድሶላት፣ ብርማዋ እንደገና ወደ ተራራው ትወጣለች። አቢንግ ከጎኗ ተቀምጣ በግራ እጇ ገንዘብ ትቆጥራለች። ባለፈው ሐሙስ ሲያልፉ የኋላ ግራ ጎማቸው ተንፍሶ ሲንከባለል አየሁት። ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩና በእጄ ጎማውን አመለከትኳት። ታኪያ አይታኛለች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጥመናል። ፍጥነቷን እንኳ አልቀነሰችም። የሚቀጥለው ጎሚስታ ስድስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። እስከዚያ ድረስ በዚያ ጎማ ሄደች።